የሌሊቱ አደጋና የጭነት መኪናው ጀርባ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ አንድ የመኪና አደጋ ነው። አደጋው የደረሰው ከኢትዮጵያ እጅግ ርቆ በሰሜን አሜሪካ፣ በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ ጊዜውም ሰኔ 22 ቀን 1959 ዓ.ም. ወይም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 29 ቀን 1967 ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ሌሊት የሞቱት ሰዎች ሦስት ናቸው። በዓለም መንገዶች ላይ ከሚረግፈው ሕይወት ጋር ሲተያይ ይህ ቁጥር ከምንም የሚገባ አይደለም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 ብቻ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ገምቷል። ይሁን እንጂ ያ አደጋ ከብዙዎቹ ተለይቶ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት እንዲነሣ የሚያደርገው ምክንያት አለ። ይኸውም በቦታው ደርሶ የተመለከተውም፣ ፎቶግራፉን ያየውም፣ ወሬውን የሰማውም ሁሉ ዓይኑን የጣለው በተጨፈለቀው አውቶሞቢል ላይ ሲሆን፣ ሰዎቹን የገደላቸው ነገር ግን ከአውቶሞቢሉ ፊት የነበረው የጭነት መኪና ጀርባ መሆኑ ነው።

ጄይን ማንስፊልድ በ1950ዎቹ ዓመታት በሆሊውድ ስሟ የገነነ የፊልም ተዋናይ ነበረች። በሞተችበት ጊዜ ዕድሜዋ 34 ዓመት ሲሆን፣ የፊልም ዝናዋ ቀዝቅዞ በየምሽት ክበቡ እየዞረች ትርኢት ታሳይ ነበር። በዚያ ምሽት በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ ቢሎክሲ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ትርኢቷን እንዳበቃች፣ በማግስቱ በኒው ኦርሊንስ ለነበራት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ለመድረስ በሌሊት ጉዞ ጀመረች። የተሳፈረችበት መኪና የ1966 ሥሪት የሆነ ቢዩክ ኤሌክትራ፣ ረጅምና ከባድ አውቶሞቢል ነበር። ከፊት ወንበር የ20 ዓመት ወጣት ሹፌር፣ ጠበቃዋና እርሷ ተቀምጠዋል። ከኋላ ወንበር ደግሞ ሦስት ልጆቿ፣ የ8 ዓመቱ ሚክሎሽ፣ የ6 ዓመቱ ዞልታንና የ3 ዓመቷ ማሪስካ ተኝተዋል።

መንገዱ 90 ቁጥር የተባለው አውራ ጎዳና ነው። አካባቢው ውሃና ረግረግ የበዛበት በመሆኑ በሞቃቱ ወራት ትንኝ ሕዝቡን ያስቸግራል፤ ስለሆነም መርዝ የተቀላቀለበትን ጉም ወደ ኋላ እየለቀቀ የሚሄድ መኪና በሌሊት ይሠማራ ነበር። ከዚህ መኪና በስተኋላ ይጓዝ የነበረ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና በጉሙ ምክንያት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ የእነ ማንስፊልድ አውቶሞቢል ከተሳቢው ሥር ገባ። «ገጨ» ከማለት ይልቅ «ገባ» ማለት እውነቱን በይበልጥ ይገልጸዋል። ከፊት የነበሩት ሦስቱም ሞቱ፤ ከኋላ የነበሩት ሦስቱም ሕፃናት ተረፉ።

ሌሊት የደረሰ አደጋ ዘንድ ቀድሞ የተገኘ ሰው የሚያየው የገዛ መኪናው መብራት የወደቀበትን ብቻ ነው። ከብርሃኑ ክልል ውጭ የቀረው፣ ከወንበር ሥር የተወሸቀው ወይም ወደ ቦዩ የተወረወረው ለእርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህም ሌላ ድንጋጤው፣ የፈሰሰው ቤንዚን ሽታ፣ ከእግር ሥር የሚንኮሻኮሸው መስታወት ልብን ይነሣል። የሚጮኽ ሰው ካለ ሁሉም ወደ እርሱ ይሮጣል፤ ዝም ያለው ይዘነጋል። በዚያ ሌሊትም የሆነው ይኸው ነበር። ልጆቹን ያነሡት ሰዎች ቦታውን ለቀው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞልታን ነቃና እኅቱ የት እንዳለች ጠየቀ። ተመልሰው ቢፈልጓት ከፊት ወንበር ሥር ተወሽቃ፣ ራሷ ላይ ቆስላ ተገኘች። ይህች ሕፃን በኋላ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታወቀች ተዋናይ የሆነችው ማሪስካ ሃርጊታይ ናት፤ በ2025 ስለ እናቷ ባዘጋጀችው ዶኩሜንተሪ ፊልምም ይህን ታሪክ ለሕዝብ አቅርባለች። በአደጋ ቦታ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ነበር?» የሚለውን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም። ያን ጊዜ ግን ጥያቄውን ያነሣው የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ከአደጋው በኋላ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ወርቃማ ጠጉር የመሰለ ነገር ይታያል። ነገሩ ዊግ ነበር። ሕዝቡ ግን የተዋናይዋ ራስ ነው ብሎ ተረጐመውና አንገቷ እንደ ተቀላ የሚናገር ወሬ ተሠራጨ፤ እስከ ዛሬም የሚያምነው አልታጣም። የሞት ማስረጃዋ የሚናገረው የራስ ቅሏ መሰባበሩን ነው። የተጨፈለቀው አውቶሞቢልም በፍሎሪዳ፣ በሴንት ኦገስቲን ከተማ በነበረ ሙዚየም ገብቶ በክፍያ ለጐብኚ ይታይ ነበር። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ገንዘብ ከፍሎ ለማየት መፍቀዱ ለሥነ ልቡና አዋቂዎች የሚተው ጉዳይ ነው። ለመሐንዲስ ግን የሚቆረቁረው ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ብረቱን ከቦ ሲመለከት፣ ብረቱን እንዲህ አድርጎ የቆረጠው ምን እንደሆነና ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንደ ነበር ለመጠየቅ አለማሰቡ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው ጠባይ እንመለስ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት፣ ያው መኪና ከ25 ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ መሬት ሲነካ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ይህ ጉልበት የሆነ ቦታ መዋል አለበት። አውቶሞቢል ከግንብ ጋር ፊት ለፊት ሲጋጭ ኮፈኑ፣ የፊት ሻንሲውና ሞተሩ ያለበት ክፍል እየተጨማደዱ ጉልበቱን ይበሉታል፤ ተሳፋሪው በአንድ ሜትር ያህል ርዝመት ውስጥ ቀስ እያለ የመቆም ዕድል ያገኛል ማለት ነው። በ1959 ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ለቮልቮ የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶም፣ ከዚያ በኋላ የመጣው የአየር ከረጢትም ሥራቸውን የሚሠሩት አውቶሞቢሉ በአፍንጫው ቆሟል፣ የተሳፋሪው ክፍልም እንዳለ ቀርቷል በሚል መነሻ ነው።

የጭነት መኪና ጀርባ ይህን መነሻ ያፈርሰዋል። የካሶኒው ወለል ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የአውቶሞቢል የፊት መከላከያ ብረት ደግሞ ያለው ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ መከላከያው የሚገታው ነገር አያገኝም፤ ኮፈኑም በካሶኒው ሥር በባዶ ቦታ ያልፋል። የካሶኒውን ጠርዝ መጀመሪያ የሚያገኙት የፊት መስታወቱና መስታወቱን የያዙት ሁለት ቀጫጭን ዓምዶች ናቸው። ከእነርሱ በስተኋላ ያለው የሰው ራስና ደረት ነው። ቀበቶው ሰውየውን በወንበሩ ላይ በትክክል ቢይዘውም እንኳ ጠርዙ ወደ እርሱ ይመጣል። የአየር ከረጢቱም አውቶሞቢሉ በአፍንጫው ስላልቆመ ዘግይቶ ሊከፈት ይችላል። ከፊት የነበሩት ሦስቱ ሰዎች ሞተው ከኋላ የተኙት ሕፃናት የተረፉበት ምክንያት ሲጠየቅ ዕድል ነው የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን ይበልጡን የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት ለመናገር ቀላል ነው፤ ከተሳቢው ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ጠንካራ አግዳሚ ብረት መግጠም። በአሜሪካ ይህን ብረት በተዋናይዋ ስም «የማንስፊልድ ብረት» ይሉታል፤ ብዙ ሰውም ከአደጋው በኋላ መንግሥት ወዲያው ደንግጎ ያስገጠመው ይመስለዋል። ታሪኩ ግን እንደዚያ አልሄደም። አንደኛ ነገር፣ ደንቡ ከአደጋው በፊትም ነበር። ከ1953 ጀምሮ የጭነት መኪኖችና ተሳቢዎች በስተኋላቸው አግዳሚ እንዲኖራቸው ታዝዞ ነበር፤ የተፈቀደው ከፍታ ግን ከመሬት 76 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስለ ጥንካሬውም የሚፈተንበት መለኪያ አልተደነገገም። ቁጥሮቹን አስተያይቶ ማየት ይበቃል፤ የአውቶሞቢሉ መከላከያ ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ከሆነ 76 ሴንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ ብረት ሊያቆመው እንዴት ይችላል? ደንቡን ያወጡት ሰዎች ብረቱን ማዘዛቸውን እንጂ ብረቱ ምን እንደሚያቆም አላሰቡበትም ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን አግዳሚው ዝቅ እንዲልና እንዲጠነክር የሚያስገድድ ደንብ ለማውጣት ጥናት ጀምሮ ነበር። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም በሚል ምክንያት በ1971 ሐሳቡን ተወው። ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ እየተነሣና እየተጣለ ኖሮ፣ አዲሱ ደንብ የታወጀው በ1996፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ነው። ከፍታው 56 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ የጥንካሬ ፈተናም ተጨመረበት። ከአደጋው ሌሊት እስከ አዋጁ ድረስ 29 ዓመት አለፈ ማለት ነው። እንዳጋጣሚ ሆኖ የሴንት ኦገስቲኑ ሙዚየምም የተዘጋው በዚያው በ1998 ነው። በአውሮፓ ግን የጋራ ገበያው አባል አገሮች ስለ ኋላ መከላከያ መመሪያ ያወጡት በ1970 ነበር፤ በኋላም ከፍታውን 55 ሴንቲ ሜትር አድርገው ወሰኑት። ስለዚህ ዕውቀቱ ወይም ብረቱ ጠፍቶ አይደለም የዘገየው።

«ጥቅሙ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም» የሚለውን አነጋገር በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየሥራው ላይም ጽፎት ይሆናል። ስሌቱ በራሱ ነውር የለበትም። ገንዘብ ውስን እስከ ሆነ ድረስ መሐንዲስ ሳያሰላ አይሠራም። ችግሩ ወደ ስሌቱ የሚገባው ቁጥር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የአደጋ መዝገብ የሚጽፍ ሰው «ከኋላ ገጨ» ብሎ ከጻፈ፣ አውቶሞቢሉ በካሶኒው ሥር መግባት አለመግባቱን፣ የአግዳሚው ከፍታ ስንት እንደ ነበር፣ ታጥፎ ወይም ተገንጥሎ እንደሆነ ካልመዘገበ፣ በአሥር ዓመት መጨረሻ ስሌት የሚሠራው መሐንዲስ ፊት የሚቀርበው ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። የሌሊት አደጋ ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። ሲነጋ መንገዱ መከፈት ስላለበት አውቶሞቢሉ ይጐተታል፤ የጭነት መኪናውም ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል። የቀረው የተጠረገ መስታወትና በአስፋልቱ ላይ የተደፋ ዘይት ነው። ዋናው ምስክር በራሱ ጎማ ተነሥቶ ሄዷል።

ብረቱ ከተገጠመ በኋላም ነገሩ አላለቀም። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ተቋም በ2011 በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል ከተሳቢ ጀርባ ጋር እያጋጨ ባደረገው ፈተና፣ ደንቡን የሚያሟሉ አንዳንድ አግዳሚዎች ሲታጠፉና ሲገነጠሉ ታዩ። ይበልጡን የከፋው አውቶሞቢሉ የተሳቢውን መካከል ሳይሆን ጥጉን ሲመታ ነበር። አግዳሚው የሚታሠርባቸው ሁለት ቋሚዎች በሻንሲው ወራጆች ላይ፣ ማለት ወደ መካከል ስለሚገጠሙ የአግዳሚው ጫፎች ያለ ድጋፍ ይቀራሉ። ሌሊት ከፊቱ የቆመ ነገር በድንገት ያየ ሹፌር ደግሞ የሚያደርገው መሪውን ወደ ጎን መጠምዘዝ ነው፤ ስለዚህ የሚመታው ያንኑ ደካማውን ጫፍ ይሆናል። በ2022 የጥንካሬው መለኪያ በአዲስ ደንብ ከፍ ብሏል።

አግዳሚው የመጨረሻው መከላከያ ነው። ከእርሱ በፊት ያለው መከላከያ መታየት ነው። የአውቶሞቢል አጭር መብራት ጥቁር ነገርን አጥርቶ የሚያሳየው ከ40 እስከ 60 ሜትር ባለው ርቀት ቢሆን ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሹፌር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰኮንድ ተኩል ይፈጃል እንበል፤ በዚህ ጊዜ 33 ሜትር ይሄዳል። በደረቅና በደኅና አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 36 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ድምሩ 69 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ ድምሩ ወደ 98 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ በአጭር መብራት የሚሄድ ሹፌር፣ ምንም እንኳ ያልጠጣ፣ ያልደከመና ጠንቃቃ ቢሆን፣ ጥቁሩን ተሳቢ የሚያየው መቆም ከማይችልበት ርቀት ላይ ነው። ብርሃን የሚበትን ጉም፣ ጭስ ወይም አቧራ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በአሜሪካ ከዲሴምበር 1993 ወዲህ የሚሠሩ ትልልቅ ተሳቢዎች ቀይና ነጭ አንጸባራቂ ጥብጣብ በጎናቸውና በጀርባቸው እንዲለጠፍባቸው ተደረገ። በ2001 የወጣው የባለሥልጣኑ ጥናት ይህ ጥብጣብ በጨለማ ጊዜ ከተሳቢ ጎንና ጀርባ ጋር የሚደርሰውን ግጭት በ29 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ጥብጣቡ አምፖል፣ ሽቦም ሆነ ባትሪ አይፈልግም፤ መታጠብ ብቻ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ መንገዶች እንግዳ ነገር አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ጭነት በገላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ መሐል አገር ሲገባ ሌሊቱን የሚጓዘው ወይም ተበላሽቶ ከመንገድ ዳር የሚያድረው ባለ ተሳቢ ብዙ ነው። መኪና ሲበላሽ ረዳቱ ወርዶ በጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ከኋላውም ድንጋይ ይደረድራል ወይም ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ቆርጦ ያጋድማል። ቅጠሉ በቀን ጥሩ ምልክት ነው። በሌሊት ግን ቅጠል ብርሃን አይመልስም፤ ድንጋዩም እንዲሁ። ይባስ ብሎ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል፤ የአንዱ ምልክት ለሚቀጥለው ሹፌር አደጋ ይሆናል። የኋላ መብራቶችም ጭቃ ለብሰው ወይም በሸራው ጫፍ ተሸፍነው መታየታቸው የተለመደ ነው።

አግዳሚውን በተመለከተ ደግሞ እዚህ ያሉትን መሐንዲሶች በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ፤ ካሶኒና ተሳቢ በአገር ውስጥ ይሠራሉና። በውጭ አገር ያለ ፋብሪካ የሚወስነው ብቻ አይደለም፤ ከብየዳው ቦታ ላይ የቆመው ሰው የሚወስነው ነው። ባለ መኪኖች ዝቅ ያለ አግዳሚ የማይወዱበት በቂ ምክንያት እንዳላቸው መካድ አይገባም። ኮረኮንች መንገድ ላይ፣ ወንዝ ሲሻገር ወይም ዳገት ሲጀምር ብረቱ መሬት ይመታል፤ ወደ ኋላ ሲሄድም ይጣመማል። ስለዚህ አንዱ ቆርጦ ይጥለዋል፤ ሌላው ከፍ አድርጎ ለታይታ ብቻ ይበይደዋል። ሊታጠፍ የሚችልና በአስፋልት ላይ ወርዶ በቁልፍ የሚያዝ አግዳሚ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል፤ ሥራውም ከማንኛውም ደኅና የብረታ ብረት ጋራዥ አቅም በላይ አይደለም። ከፍታው የሚለካው መኪናው ባዶ ሳለ ነው፤ ሲጫን ባሌስትራው ስለሚረግጥ ብረቱም አብሮ ይወርዳል፤ ሲራገፍ ተመልሶ ይነሣል። ቋሚዎቹ ከሻንሲው ጋር በብሎን ቢታሠሩ ይመረጣል፤ የአግዳሚው ጫፎችም ወደ ሻንሲው በሚመለስ ሰያፍ ብረት ቢደገፉ ከላይ የተጠቀሰው የጥግ ጉድለት ይቃለላል።

በየመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪኖችን የሚያስተዳድሩ አባላት አንድ ሙከራ ለማድረግ ብዙ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ከመሸ በኋላ አንድ ባለ ተሳቢ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መብራቱንም አጥፍቶ በግቢው ጥግ ይቁም። አንድ አውቶሞቢል 98 ሜትር ርቆ አጭር መብራቱን ያብራ፤ ከመሪው ጀርባ የተቀመጠውም ሰው የሚያየውን ይጻፍ። ከዚያ ወደ 69 ሜትር፣ ቀጥሎም ወደ 45 ሜትር ይጠጋ፤ በየቦታውም ይጻፍ። 45 ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የመቆሚያ ርቀት ነው። በመጨረሻም ሜትር ይዞ ከተሳቢው ጀርባ ይንበርከክና ከመሬት እስከ አግዳሚው፣ አግዳሚ ከሌለም እስከ ካሶኒው ጠርዝ ያለውን ይለካ። ቁጥሩ ከ55 በላይ ከሆነ በዚያው ሌሊት ከታርጋ ቁጥሩ ጋር ጽፎ በማግስቱ ለጋራዡ ኃላፊ መስጠት ይቻላል።